ለዶሮ የተሰፋ ቀይ ካፖርት

እህቴ ጥላዋን የምትፈራ ሴት ናት። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊቷም እላታለሁ። ካውያውን ነቅላ፣ ወጥታ፣ በር ቆልፋ፣ ተመልሳ ከፍታ መነቀሉን በእጇ ዳስሳ ካላረጋገጠች የትም አትሄድም። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንዱን ስፌት ሁለቴ ካልደረበችው አይዋጥላትም። እሷ የሰፋችው ልብስ ያረጃል እንጂ አይተረተርም።

ባሏ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አንድ ቀን ሳይታሰብ ግራ ጎናቸው ከዳቸው። እጃቸው ዛለ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ብቻቸውን ወደ ውጭው በር ሲሄዱ ደረጃው ላይ ወደቁ። ጉዳቱ መላላጥ ብቻ ነበር። እህቴ ግን ምርኩዛቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ያለ እኛ ተነሥተው አያውቁም።

እኛን ማናገር ተዉ። የሚያወሩት ከአንዲት ነጭ ዶሮ ጋር ብቻ ነበር። ጫጩት ሳለች በመኪናቸው ጋቢና ጭነው ያመጧት እሳቸው ናቸው፤ ስሟንም ወይዘሪት ያሏት እሳቸው። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ደፉ ላይ ትወጣለች። እሳቸውም የተሳሰረ ምላሳቸውን እየጎተቱ «ወይ... ዘሪት፣ እንዴት አደርሽ?» ይሏታል። ሐኪሙ፣ ባወሩ ቁጥር አንደበታቸው እየተፈታ ይሄዳል ብሎናል። ሌላው ሰው ይህን ሰምቶ ደስ ይለዋል። እህቴ ግን አዲስ ፍርሃት አገኘችበት።

«ይቺ ዶሮ ብትሞትስ?» አለችኝ። «ያኔ ጭራሽ ዝም ማለቱ አይደል?»

ይህን ባለች ሰሞን ጭልፊት የጎረቤታችንን ዶሮ ዓይናችን እያየ አንሥቶ ሄደ። እህቴ ውላ አላደረችም። ግቢውን ሲጭሩ የሚውሉትን ዶሮዎች በሙሉ ሰብስባ ቤታቸው ውስጥ ከረቸመችባቸው። ሸለምጥማጥም ይመጣል ብላ አምፖል አስገባችላቸው፤ እሱም ሲበራ ያድራል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ እስር ቤት ነው» ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ወይዘሪትን ከመስኮት ሆነው በሽቦው ውስጥ ያናግሯት ጀመር።

አንድ ጠዋት መኖ ልሰጥ ስገባ የወይዘሪት ጀርባ ተመልጧል። የወደቀ ላባ ብፈልግ መሬቱ ላይ የለም። ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳይ፣ አንዲት ገብስማ ዶሮ ከኋላዋ ተጠግታ ላባዋን መንጭቃ ዋጠችው። ሌላዋም ቀጠለች። ወይዘሪት አልጮኸችም፤ ግድግዳውን ተጠግታ ዐይኗን ጨፈነች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝምታዋ ነው ያስፈራኝ።

ለእህቴ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። «እንዳትነግሪው!» አለችና መቀሷን አነሣች። ሌላ ሰው ቢሆን ዶሮዋን ለብቻዋ ይለያት ነበር። የኔ እህት ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ የተራቆተ ካየች ማልበስ ነው የሚታያት። ሜትሯን አውጥታ የዶሮ ደረት ለካች። ቤት ውስጥ ካለው ጨርቅ ሁሉ ጠንካራውን መረጠች፤ ከሲኒማ ቤት መጋረጃ የተረፈ ወፍራም ቀይ ጨርቅ። ገበር አገባችበት፣ ለክንፎቿ ላስቲክ ሠራችለት፣ እንደ ልማዷም ሁለቴ ሰፋችው። በሳቅ ልፈነዳ ደረስኩ።

አልብሳ ወደ ሌሎቹ ስትመልሳት ጋሼ በመስኮቱ አዩአት። ከታመሙ ወዲህ ሰምተነው የማናውቀውን ሳቅ ሳቁ። «ሙሽራ!» አሉ፣ ጥርት አድርገው። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ደስታችን ግን ከሰዓት በኋላን አልተሻገረም። የዶሮዎቹን ጫጫታ ሰምተን ስንሮጥ ሁሉም ቀዩ ጨርቅ ላይ ሰፍረዋል። ጠርዙን ነክሰው ወዲያ ወዲህ ይጎትቷታል። ማምለጫ የላትም፤ ካፖርቱም አይተረተርማ! የእህቴ ስፌት! አንገቷ ሥር፣ ጨርቁ በሚያልቅበት፣ ደም ይፈስሳል፤ ደሙን ባዩ ቁጥር ይብስባቸዋል። እህቴ ዘላ ገብታ አወጣቻት። የካፖርቱን ቁልፍ መፍታት አቃታት፤ የገዛ ስፌቷን በመቀስ ቀደደችው።

ቀና ስንል ጋሼ መስኮቱ ላይ ናቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣውም።

ዶሮዋን በቅርጫት ይዘን መኖ ሻጯ ዘንድ በረርን። መኖ ሻጯ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አየቻት፤ ደሙን ጠራረገችና ቁስሉን ጥቁር ቅባት ቀባችው።

«ትድናለች። እስኪሽር ለብቻዋ አስቀምጧት» አለች። «ቀይ ያለበሳት ማነው?»

እህቴ አንገቷን ደፋች፤ ካፖርቱንም፣ መዝጋቱንም፣ አምፖሉንም ለሴትዮዋ የነገርኳት እኔ ነኝ።

«በይ ስሚኝ፤ ቀይ ለነሱ ደም ነው። ደግሞስ ለምን ትዘጊባቸዋለሽ? መላወሻ የለ፣ የሚጫር አፈር የለ፣ ሌት ተቀን መብራት። ምን ይሥሩ ታዲያ? እርስ በርሳቸው ይነጫጫሉ። አምፖሉን አጥፊው፣ ጎመን አንጠልጥይላቸው፣ በሩን ክፈችላቸው።»

«ጭልፊቱስ?» አለች እህቴ።

«ጭልፊት ምናልባት አንዷን ይወስድ ይሆናል። አንቺ ግን ሁሉንም ልትጨርሻቸው ነው።»

ስንመለስ ወይዘሪትን ከነቅርጫቷ የስፌት መኪናው ሥር አስቀመጥናት። እህቴ አምፖሉን ነቀለች። የዶሮ ቤቱን መቀርቀሪያ ይዛ ሰማዩን ስታይ ቆየች። ከዚያ ከፈተችው። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ደፍ ላይ ቆሙ፤ ቆይተው አንድ በአንድ ወጡና መሬቱን ይጭሩት ጀመር። አንዷም ዘወር ብላ የሌላዋን ጀርባ አላየችም።

«እኔንስ?»

ዘወር አልን። ጋሼ ናቸው። መስኮቱን ተጠግተን ስናይ ጭናቸው ላይ ክር ተከምሯል፤ የብርድ ልብሳቸውን ጠርዝ፣ ያንን ሁለቴ የተሰፋውን፣ በአንድ እጃቸው ሲመዙት ኖረዋል። መቼ እንደጀመሩ እንጃ፤ እስከዚያች ደቂቃ ማናችንም ልብ አላልነውም።

እህቴ ክሩን አየች። የተከፈተውን የዶሮ ቤት አየች። ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ምርኩዙን አመጣችላቸው።

ጋሼ ወጡ። እህቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ምርኩዙ ቋ፣ ቋ እያለ ደረጃው ጋ ደረሰ። እዚያ ድምፁ ቆመ። የወደቁበት ደረጃ ነው። እግራቸው አየር ላይ ቦታ ሲፈልግ አየሁ፤ ልሮጥ ተነሣሁ።

እህቴ ክንዴን ለቀም አደረገችኝ።

«ተዪው» አለችኝ። ክንዴን ግን አልለቀቀችም።