በጾም የተጣለው ዳስ

ይህ የሆነው ያለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት፣ ገብስ በሚወቃበት ሰሞን ነው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ልጄን ከቤት በሸኘሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምንኖረው ጎንደር ከተማ ነው። ያሬድ የመጨረሻ ልጄ ነው። መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ በደንብ ይሠራ ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሥራውን ትቶ ከጓደኞቹ ጋር ፊልም ሊሠራ መሆኑን ነገረኝ፤ ያውም አስቂኝ ፊልም። እኔ ባሌን ቀብሬ ልጆቼን ለብቻዬ ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ሳቅ እንጀራ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሥራውን በጀመረበት ቀን ጠዋት ጉልበቴን ስሞ «እማዬ፣ መርቂኝ» አለኝ። እኔም «ሂድ» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሱም ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልጠየቀኝም።

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። አንድ ድሃ ሙሽራ ለሠርጉ ኮት ይዋሳል። የኮቱ ባለቤት ደግሞ ልብሴ ይበላሽብኛል ብሎ በሠርጉ ዕለት ከኋላው አይጠፋም። ሙሽራው ጉርሻ ሲቀበል ደረቱ ላይ መሐረብ ያነጥፍለታል፤ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ይጠርግለታል። ያሬድ ይህን ሲነግረኝ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

ቀረጻው በመንገድ ምክንያት ተጓተተ። መንገድ ሲከፈት ይሠራሉ፣ ሲዘጋ ይቀመጣሉ። በመጨረሻ አንድ ቀን ብቻ ቀረ። የሚቀረጸውም የሠርጉ ድግስና የሙሽሪት አባት ምርቃት ነው። ቦታው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ የዘመዶቼ ግቢ ሆነ። ካሜራው የተውሶ ስለነበር በማግስቱ ይመለሳል። መንገዱም ነገ ክፍት ይሁን ዝግ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ቀን ካላለቀ የልጆቹ ድካም ሁሉ ውኃ ሊበላው ነው።

«እማዬ፣ የድግሱን ወጥ ትሠሪልናለሽ?» አለኝ ያሬድ።

እኔ ካልሠራሁት በጾም ዶሮ ይታረዳል ብዬ ሰጋሁና እሺ አልኩ። በሽንኩርትና በበርበሬ ቀይ ወጥ ሠራሁ። ትናንሽ ድንች ልጬ፣ እንቁላል እንዲመስል አድርጌ ጨመርኩበት። ካሜራ የሚይዘው ዳዊት ክዳኑን ከፍቶ አየና «እማማ፣ ይህን ያየ ባይኑ ይገድፋል» አለ።

ማለዳ ተነሥተን ደረስን። ዘመዶቼ ግቢውን ለቀውልን አውድማ ወርደው ነበር። ልጆቹ ከዋዜማው የጣሉት ዳስ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኖ ቆሟል። ሙሽሪት ሆና የምትሠራው ቤዛ የምትባል ልጅ ናት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር እልልታ ትለማመዳለች፤ ከበሮም ይመታሉ። ደጋ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ይህን ማንም አላሰበበትም። እኔም እዚያው አገር ተወልጄ አላሰብኩበትም።

አራት ሰዓት ሲሆን ስልክ ተደወለ። የሙሽሪት አባት ሆኖ የሚመርቀው ሽማግሌ ተዋናይ ከደባርቅ ነበር የሚመጣው። መኪናው ዳባት ላይ ቆሟል፤ ዛሬ ማለፍ አይቻልም ተብሏል። ያሬድ ስልኩን ኪሱ ከተተና ከዳሱ ምሰሶ ሥር ቁጭ አለ። ሕፃን ሆኖ ሲያመውም እንደዚሁ ነበር። አያለቅስም፤ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

«ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ ብንለምንስ?» አለች ቤዛ።

«ማንን? አገሩ ሁሉ አውድማ ላይ ነው» አለ ዳዊት።

ይህን እየተባባሉ ሳለ አንድ የመንደሩ ሽማግሌ በራሳቸው እግር መጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ገለባ የሚያነሡበትን መንሽ በትከሻቸው እንደያዙ፣ ጢማቸው ላይ ገለባ እንዳለ ነው የመጡት። ከኋላቸው ደግሞ ሰባት ስምንት ጎረቤት ተከትሏቸዋል። ስማቸው አያ ተገኘ መሆኑን በኋላ ሰማን።

በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ዳሱን አዩ። ቀጥለው ሙሽሪትን፣ ከዚያ ድስቱን።

«ምነው ልጆቼ?» አሉ። «በነቢያት ጾም ሠርግ? ጥር እስኪገባ ምን አስቸኮላችሁ?»

ያሬድ ተነሥቶ «አያ፣ ሠርግ አይደለም። ፊልም ነው» አለ።

«ሙሽራ ተቀምጣለች። ከበሮው ይኸውና። እልልታችሁን ከአውድማዬ ነው የሰማሁት። ታዲያ ሠርግ ሌላ ምን አለው?»

«ለማስመሰል ነው፣ አያ።»

«እንቁላሉስ? እሱም ለማስመሰል ነው የተቀቀለው?»

ከኋላቸው የነበሩት ሴቶች አማተቡ። እኔ ድስቱን ወደ እሳቸው አቀረብኩ። አንዱን በጭልፋ አውጥቼ ገመስኩት። ጎንበስ ብለው አዩት፤ አሸተቱት።

«ድንች ነው» አሉ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው «ዶሮዋስ?» አሉ።

«ዶሮ የለችም፣ አያ። ሽንኩርት ነው።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ እየሳቁ ነው። «እንዲህማ ከሆነች እኔም ከነላባዋ እበላታለሁ» አሉ። «ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ እንጂ።»

ሰዉ ሁሉ ቀለል አለው። ያሬድም በዚህ መሐል ደፈር ብሎ ቀረባቸውና የደረሰበትን ነገራቸው። ሽማግሌው ተዋናይ መንገድ ላይ እንደቀረ፣ ካሜራው ነገ እንደሚመለስ፣ የሙሽሪትን አባት ሆነው ቢረዱት ውለታቸውን እንደማይረሳ አስረዳቸው። መንሻቸውን ተደግፈው ሰሙት። የኮቱን ታሪክ ሲሰሙ አንዱን ጎረቤታቸውን ዞር ብለው አይተው «ይህማ አንተ ነህ» አሉት። ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ግን ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ።

«እኔ በውሸት አልመርቅም» አሉ።

«ቃሉን እኔ እነግርዎታለሁ፣ አያ። እንዲያው ማለት ብቻ ነው።»

«ማለት ብቻ የሚባል ምርቃት የለም፣ ልጄ። ምርቃትና እርግማን ከአፍ ከወጡ አይመለሱም። ያልተጋቡትን ውለዱ ክበዱ ብላቸው ቃሌ የት ሊገባ ነው?»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ያሬድ ግን እጁን አጣምሮ እንደቆመ ቀረ።

አያ ተገኘ መንሻቸውን አነሡ። ሁለት እርምጃ ያህል ሄደው ቆሙና ዞሩ።

«ይህን ሥራ የጀመርኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አያ።»

«ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሦስት ዓመቴ።»

«እናትህ ይህች ናት?»

«አዎ።»

«መርቃሃለች?»

አንገቴን ደፋሁ። ያሬድ ወደ እኔ አላየም።

«አዎ፣ መርቃኛለች» አለ።

አያ ተገኘ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ሥራህ ሥር አለው» አሉ። «የእናት ምርቃት ከቀደመ እኔም እከተላለሁ። ጋብቻውን አልመርቅም። እናንተን ግን ከነሥራችሁ እመርቃለሁ፤ እሱ እውነት ነው። መሣሪያህም የሰማውን ይስማ።»

ልጆቹ ተሯሯጡ። ዳዊት ካሜራውን አቆመ። ቤዛ የሽማግሌውን ጢም ከገለባው አጸዳችላቸውና ንጹሕ ጋቢ ደርባ መደብ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጎረቤቶቻቸውም እንደ ሠርገኛ ዳሱ ውስጥ ገብተው ተደረደሩ። ያሬድ ከወዲያ ወዲህ ሲል አየሁት። ፊቱ በርቷል።

እኔ ድስቱ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ የዋሸው እናቱን በሰው ፊት ላለማዋረድ ነው። ሽማግሌው ደግሞ የሚመርቁት እኔ መርቄዋለሁ ብለው አምነው ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ፊልሙም ያልቃል። ብናገር ሰውየው ተነሥተው ይሄዱ ይሆናል። ያኔ የልጄ ሦስት ዓመት በእኔ ቃል ሊጠፋ ነው። ግን የእሳቸውን ምርቃት ባዶ ላይ ማቆም ፈራሁ። ከፊልሙ ይልቅ ለልጄ ፈራሁ።

«አያ» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አልመረቅሁትም። በጠየቀኝ ቀን ሂድ ብቻ ነው ያልኩት።»

ከበሮ የያዘችው ልጅ እጇን ከከበሮው ላይ አነሣች። ያሬድ «እማዬ…» አለ።

ተቆጥተው ይነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አያ ተገኘ ግን ከተቀመጡበት መደብ ፈቀቅ አሉና በእጃቸው ቦታውን መታ መታ አደረጉት።

«ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። «ገና አልመሸም።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ያሬድ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ። እኔ ብዙ ቃል የለኝም።

«እግዚአብሔር በፊትህ ይቅደም» አልኩት። «የያዝኸው ይባረክልህ። ሰውን የምታስቅ እንጂ በሰው የምትስቅ አያድርግህ።»

ከሽማግሌው ጋር የመጡት ሁሉ «አሜን» አሉ። ያሬድ ቶሎ አልተነሣም። ቀና ስል ዳዊት ካሜራውን ወደ መሬት አዙሮታል። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

«በሉ አሁን የኔ ተራ ነው» አሉ አያ ተገኘ።

ቀረጻው ተጀመረ። እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ያሰባችሁት ይሙላ፣ ወጥታችሁ በሰላም ግቡ፣ ከክፉ ዐይን ይሰውራችሁ አሉ። በየመሐሉ ዳሱ «አሜን» ይላል። ሙሽራው ጉልበታቸውን ሊስም ሲንበረከክ፣ የኮቱ ባለቤት ሆኖ የሚሠራው ልጅ እንደታዘዘው ኮቱን ከኋላ ያዘና ወደ ላይ ጎተተ። አያ ተገኘ ታሪኩ ተነግሯቸው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ፈጽመው ረሱት። ምርቃቱን አቋርጠው ልጁን አፈጠጡበት።

«አንተ፣ ምነው አትለቀውም? ጨርቅ ነው፣ ይታጠባል። ምርቃት ተውሶ ይገኛል?»

ልጁ የምር ደነገጠና ለቀቀው። ሙሽራው ከነኮቱ ሣሩ ላይ በአፍጢሙ ተደፋ። የዳሱ ሰው በሳቅ ወደቀ። አያ ተገኘ ብቻ አልሳቁም። ካቆሙበት ቀጥለው ምርቃታቸውን ጨረሱ። ያሬድ እንባውን እየጠረገ «አለቀ» አለ። በሳቅ ይሁን በሌላ አላውቅም። ሁለተኛ አልተቀረጸም።

አያ ተገኘ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እጃቸውን ታጥበው፣ ጸልየው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሉ። ያን ድግስ ለማስመሰል ነበር የሠራሁት፤ እውነተኛ እንግዳ በላው። ሽማግሌው ሲነሡ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እንቁላሉ ሸጋ ነው» አሉኝ። መንሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ገብሳቸው ተመለሱ። እኛም ሳይመሽ ጎንደር ገባን።

ፊልሙ ከፋሲካ በኋላ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ታየ። ሰው በኮቱ ብዙ ሳቀ። አያ ተገኘ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ሲጀምሩ ግን አዳራሹ ፊልም መሆኑን ረስቶ «አሜን» አለ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴት መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። እኔም ዘረጋሁ።

እሳቸው መምጣት አልቻሉም። መንገዱ ሲከፈት ያሬድ መንደራቸው ድረስ ሄዶ በስልኩ አሳያቸው። አይተው ሲጨርሱ «ያ ልጅ ኮቱን ተቀበለ?» ብለው ጠየቁት አሉ።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። በዚያ ዳስ ውስጥ አንድ ውሸት ተነግሯል፤ የተናገረው ልጄ ነው፣ ኃጢአቱ ግን የእኔ ነው አልኳቸው። የነፈግሁትን ነው እንደሰጠሁት አድርጎ የተናገረልኝ። ያን ሽማግሌ ከነመንሻቸው ወደዚያ ግቢ ያመጣ አምላክ ይመስገን።

አሁን ያሬድ ጠዋት ሲወጣ እስከ በሩ እሸኘዋለሁ። ቃሌ ዛሬም አጭር ነው። ግን «ሂድ» ብቻ አልለውም።