ፈረንጇን የምሆነው እኔ ነበርኩ

ከባለቤቴ ከዮናስ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ድንች መላጥ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ነው። እሱ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይልጣል፣ እኔ እየተቀበልኩ እከትፋለሁ። ቴሌቪዥኑ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ያሳያል፤ አንዲት ረዥም ፈረንጅ ሁሉንም አስከትላ ትሮጣለች። ዮናስ ቢላውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ፣ «ስኮትላንድ፣ ያቺውልሽ የአንቺዋ» አለኝ። «ዝም ብለህ ላጥ» አልኩት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ልቡ ቆመ። ስኮትላንድ ብሎ የሚጠራኝ ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር። ስሙ ከየት እንደመጣ ለማንም ነግሬ ስለማላውቅ፣ ቀስ እያልኩ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አባቴ በሞተ ዓመት እናቴ ከደሴ ይዛኝ መጥታ፣ ካዛንቺስ እትዬ ዘነበች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሰፈሩ ጣሊያን የሠራቸው የድንጋይ ቤቶችና የቆርቆሮ አጥሮች የተደባለቁበት ነበር። ዝናብ ሲያባራ የረጠበ አፈር ከወፍጮ ቤቱ ትኩስ ዱቄትና በርበሬ ጋር አብሮ ይሸት ነበር፤ ሲያስነጥሰንም እየሳቅን እንሮጥ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የእኛ ሴቶች በየውድድሩ ማሸነፍ ጀምረው ስለነበር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሯጭ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ተነስተን፣ በልብስ ሰፊው በር አልፈን፣ ጠመዝማዛውን መንገድ ዞረን እዚያው ወፍጮ ቤት እንጨርሳለን።

የጨዋታው አለቃ ትዕግስት ነበረች፤ ከሁላችንም እግሯ ይረዝማል። የጀግኖቹን ስም እንደ ዳቦ ቆርሳ የምታድለን እሷ ናት። እኔ ጋ ስትደርስ ግን ስሙ አልቆ ነበር።

«አንቺ ቀይ ነሽ፤ ደግሞ አዲስ ነሽ። ፈረንጇን ትሆኛለሽ» አለችኝ።

ፈረንጇ በየውድድሩ ከእኛዎቹ ፊት የምትሮጠው ነጭ ሯጭ ናት፤ በጨዋታችን ሕግ ነበራት። ከመጀመሪያው ጀምራ ትመራለች፤ ልብስ ሰፊው በር ላይ ስትደርስ ይደክማታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ያልፏታል። እኔም በየቀኑ ልብስ ሰፊው በር ላይ ሳይደክመኝ ቆሜ ሲያልፉኝ አይ ነበር። ማታ እናቴ «ከልጆቹ ጋር ተላመድሽ?» ስትለኝ «አዎ» እላለሁ። ካኮረፍኩ የሚያጫውተኝ እንደማላገኝ አውቅ ነበር።

ዮናስ አይሮጥም፤ አስም ነበረበት። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አፉ ላይ ደግኖ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ውድድሩን ያስተላልፋል። አባቱ በሰፈሩ አንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ ስለነበሩ እንግዶች ጥለውት የሄዱትን የውጭ ጋዜጣ ያመጡለታል። አንድ ቀን ጨዋታው ሳይጀመር እጁን አነሳ።

«ፈረንጇ እንግሊዛዊት አይደለችም፤ ስኮትላንዳዊት ናት።»

«ምን ልዩነት አለው?» አለች ትዕግስት።

«ለእነሱ አለው። እንግሊዛዊት ብትያት ትጣላሻለች።»

«የት ነው ደግሞ ስኮትላንድ?»

«ከእንግሊዝ በላይ።»

«እንደ እንጦጦ?»

«እንደ እንጦጦ። ግን ዝናቡ አያባራም።»

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ያነበበውን ሁሉ ለእኔ ያወራኝ ጀመር። ልጅ ሆና ስምንት መቶ ሜትር ትሮጥ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ፍጥነት ስለሌላት ይቀድሟታል። ወደ አሥራ አምስት መቶ ሄደች፤ እዚያም ይቀድሟታል። አምስት ሺህ ሞከረች፣ ከዚያ አሥር ሺህ። ወልዳ ተመልሳለች። «ፍጥነት የሌለው ሰው ከፊት ሆኖ ሌሎቹን ማድከም ነው ያለበት። ለዚህ ነው የምትመራው እንጂ ጅል ሆና አይደለም» አለኝ። እኔ ጅል ናት ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። የእኛዎቹን ባታሸንፍም የእኛ አይደለችምና።

የዚያ ዓመት ትልቁ የአሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እትዬ ዘነበች ሳሎናቸውን ለሰፈሩ ከፈቱ። ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ እኛ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ስኮትላንዳዊቷ ገና ከመጀመሪያው ወጣች። ቀጭን ናት፤ ክርኗ ወደ ጎን ይወጣል። የእኛዎቹ ሁለቱ ከኋላዋ እንደ ጥላዋ ይከተላሉ። ዙሩ እየተመናመነ ሲሄድ ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

«ወይኔ ጉዴ! አሁን ነው እንዴ የሚሄደው?» እትዬ ዘነበች ጭናቸውን ሲመቱ ተሰማኝ። ሬዲዮ ያለው ፈልጉ ተባለ፤ ባትሪ ጠፋ። ጫጫታው መሃል የዮናስ ድምፅ ተነሳ።

«ደወሉ ተደውሏል! የመጨረሻው ዙር ነው!»

መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ጆሯቸውን ሰጡት። ዮናስ እያንዳንዱን እርምጃ ያይ ይመስል ነበር። የእኛዎቹን ከስኮትላንዳዊቷ ጎን አወጣቸው፤ አሳለፋቸው፤ አንደኛና ሁለተኛ አደረጋቸው። እልልታው ቤቱን ሞላው። እሱ ግን አላቆመም።

«ስኮትላንዳዊቷ አሁንም እየሮጠች ነው። ደክሟታል፤ ግን እየሮጠች ነው። ሦስተኛ ገባች!»

«ስለ እሷ ማን ጠየቀህ?» አለች ትዕግስት።

«ሩጫው መቼ አለቀ? ገና እየገቡ ነው» አለና እስከ መጨረሻዋ ሯጭ ድረስ ሁሉንም አስገባ።

መብራት ሲመጣ የእኛዎቹ እውነትም አሸንፈው ባንዲራ ለብሰው ይዞሩ ነበር። እሷን አላሳዩዋትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዮናስ ጋዜጣውን አንብቦ በር ድረስ መጣ።

«አልጨረሰችም፤ አቋርጣ ወጥታለች» አለኝ መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ ለምን ሦስተኛ ናት አልክ?»

«ጨለማው ውስጥ ስታለቅሺ ሰማሁሽ።»

እያለቀስኩ መሆኔን ማንም የሰማ አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ ጨዋታው ላይ ልብስ ሰፊው በር ስደርስ አልቆምኩም። ከኋላዬ ትዕግስት «ፈረንጇ፣ ይድከምሽ እንጂ!» እያለች ትጮሃለች። ጠመዝማዛው ላይ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ደረሰ። ሮጥኩ። ሆዴ እስኪቆረጥ፣ ጆሮዬ እስኪጮህ ሮጥኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ልንደርስ ስንል አለፈችኝ። ከእኔ ትፈጥን ነበርና አለፈችኝ። ግን ቆሜ አልጠበቅኳትም። እየሮጥኩ ነው የቀደመችኝ። ሁለታችንም ዱቄቱ ላይ ወደቅን።

«አንቺ ልጅ ልትገድዪኝ ነበር እኮ!» አለች እየሳለች። ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ነገ ማንን ነው መሆን የምትፈልጊው?» ስትል ጠየቀችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ስኮትላንዳዊቷን» አልኳት። ዮናስ ድንጋዩ ላይ ሆኖ ሳቀ። ስሙ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቀረልኝ።

ስኮትላንዳዊቷ በመጨረሻ ወደ ማራቶን ሄደች። አንድ ጊዜ በአንድ ዝናባማ ከተማ አሸንፋ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ የሚያሳይ ፎቶ ዮናስ ይዞልኝ መጣ። በኋላ ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ሀገሯ ልጆች ታሠለጥናለች ተባለ፤ ከዚያ ወሬዋ ጠፋ። እኛም አደግን። ትዕግስት ቤተሰቦቿ ሰፈር ሲለቁ አብራ ሄደች፣ የት እንዳለች አላውቅም። ዮናስና እኔ ተጋባን። እግዜር ልጅ አልሰጠንም።

ዛሬ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ላይ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። እዚያ በር ላይ ልጅ ቢሮጥ ዘበኛው ያባርረዋል። ያኔ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ይከርም ነበር፤ አሁን የዮናስ የለቅሶ ድንኳን ሲነሳ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም እንደዚያው ሳደርግ ኖሬአለሁ። ደሴ ያለችው አክስቴ «ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ደሴ ግቢ» አለችኝ። ዕቃዬን ማሰር ጀምሬ ነበር። ሻንጣውን ግማሽ ሞልቼ መልሼ ፈታሁት።

አሁን በማለዳ ወደ መስቀል አደባባይ እወርዳለሁ። ከሚሠለጥኑት ወጣቶች ጋር፣ ጥቁር ሹራቤን እንደለበስኩ እሮጣለሁ። ሁሉም ይቀድመኛል። ስጨርስ በእግሬ ወደ ቤት እመለሳለሁ፣ ታጥቤ ሥራ እገባለሁ።