በግድግዳው ቀዳዳ በኩል

ሰፈርተኛው ሸረሪት ይላታል። ስሟ ጠፍቶት አይደለም፤ ከጣሪያ ጥግ ሆና ክር ስትጎትት ስለሚያያት ነው። ክሩ የኔትወርክ ኬብል ነው። ሥራዋም ሰው ሁሉ «ምን ይሠራልሻል፣ ጣይው» የሚለውን አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ከመስመር ጋር ማገናኘት ነው። አዲሶቹ እሷን አይፈልጓትም፤ ከካርቶናቸው እንደወጡ መስመራቸውን ከአየር ላይ ራሳቸው ፈልገው ያገኛሉ። አሮጌዎቹ ግን ጎናቸውን ከፍቶ የኔትወርክ ካርድ የሚሰካላቸው፣ አቧራቸውን የሚያራግፍላቸው፣ ሲያኮርፉም የሚያባብላቸው ሰው ይሻሉ። ደግሞ አይዋሹም። ሲያስቡ ያጓራሉ፣ መስመር ሲይዙ ከኋላቸው ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ቦግ ትላለች። ሸረሪት ይህን ሁሉ ዘመን ሠርታ ያችን መብራት ስታይ ዛሬም ልቧ ይዘላል።

አንድ ዐመል አለባት። ኬብል ስትስብ በሐሳብ ጭልጥ ብላ ትሄዳለች። በጣሪያና በኮርኒሱ መካከል በደረቷ እየተሳበች፣ ከታች የሚመጣው የሰሃን ኮሽታ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የራዲዮ ወሬ ሁሉ ይቀላቀልባትና ውሃ ውስጥ ሆና የምትሰማው ይመስላታል። ቤቱ ራሱ የተኛ ይመስላትና እንዳይነቃባት ቀስ ትላለች። አንድ ጊዜ እንዲሁ ስታልም እግሯ ኮርኒሱን ቀዶ ምሳ በሚበሉ ሰዎች አናት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ምነው፣ እግርሽን ብቻ ላክሽልን?» ብለው የሳቁባት እስከ ዛሬ ይወራል። ታላቅ እህቷማ «አንቺን የሚያገባ ሰው ቤቱን በሕልምሽ ውስጥ ይሥራ» እያለች ትተርባታለች። እውነቷን ስለሆነ ሸረሪት አትቀየምም።

አንድ ቀን ያስጠሯት አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ቤታቸው በፊት አንድ ነበር። አባትየው ሲሞቱ ሁለቱ ወንዶች ልጆች መሐሉን በግድግዳ ከፈሉት፤ ግድግዳው ወደዚህ ይጠጋ፣ የለም ወደዚያ ይጠጋ ሲባባሉ በአንዲት ጋት ቦታ ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በሩም ለየብቻ፣ ደጁም ለየብቻ ሆነ። እናት ከታናሽየው ጋር ነው የሚኖሩት፤ አልጋቸው ግድግዳው ሥር ነው። ታላቅየው የሚጠይቃቸው ወንድሙ ሥራ መሄዱን አይቶ ነው። የወንድማማቾቹ ወሬ ሁሉ በእሳቸው በኩል ያልፋል። «ጣሪያው ያፈስሳል በይው።» «ሰምቻለሁ በይው።»

«መስመራቸው እኔ ነበርኩ» አሉ አሮጊቷ፣ ሸረሪት ወንበር ስባ አጠገባቸው እንደተቀመጠች። «አሁን ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። እኔ ካለፍኩ በማን በኩል ሊነጋገሩ ነው? እንዲህ እንዳሉ ከቀጠሉ ቀብሬ ላይ እንኳ አይተያዩም። የታላቁ ቤት መስመር አለው፣ የዚህኛው የለውም። አሻግሪልኝ፣ ልጄ። አፍ ለአፍ እንኳ ባይሆን በእነዚህ በኮምፒውተር ሳጥኖቻቸው ይጻጻፉ።»

ሸረሪት «ሳጥን እኮ ሰው አያስታርቅም» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንጀቷን በሏት። «እሺ እማማ» አለች።

ልጆቹም እናታቸውን እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። የዕረፍት ቀን ስለነበር ሁለቱም በየቤታቸው ነበሩ። ሸረሪት መጀመሪያ በታላቅየው በር ገባች። ኮምፒውተሩ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ ስክሪኑ ብቻውን የልብስ ሻንጣ ያክላል። የወንድሙም ያው እሱኑ ነው። አባትየው በአንድ ቀን ሁለት ገዝተው እኩል የሰጧቸው ናቸውና አንዱም ሊጥለው አልቻለም። ጎኑን ከፍታ ካርዱን ሰካች፣ ግድግዳውን በመሰርሰሪያ በሳች፣ ኬብሉን አሳለፈች።

«ጋሼ፣ እዚሁ ይሁኑልኝ» አለችው ስትወጣ። «ሲገናኝ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። የእርስዎና የማዶው እኩል ነው የሚበሩት፤ አንዱ ብቻውን አይበራም።»

በመንገዱ ዞራ እናትየው ክፍል ገባችና ለታናሽየውም ይህንኑ ነገረችው። ሌላ ጠረጴዛ ስለሌላቸው የእሱ ኮምፒውተር የሚቀመጠው ከእናቱ አልጋ አጠገብ ነው። የእሱንም ካርድ ከሰካች በኋላ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የኬብሉን ልባስ ላጠች። ስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ፈነጠቁ። ሽቦዎቹን በጣቶቿ እየደረደረች ሳለ ሐሳቧ ሄደ። ግድግዳው የሌለ መሰላት። ረጅም ክፍል ታያት፤ ሁለት ልጆች ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ይሮጣሉ፣ እናታቸው ገና ወጣት ሆነው መሐል ላይ ቆመው «ቀስ በሉ፣ ትወድቃላችሁ» ይላሉ። ልጆቹ ግድግዳው የቆመበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ምንም ሳይነካቸው አልፈው ይሄዳሉ።

እንደ ነቃች የኬብሉን ራስ በፒንሳ ጠበቅ አድርጋ ሰካችው። መብራቷ አልበራችም።

«ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ነቅለው መልሰው ይሰኩት በሉልኝ» አለች። የእሷ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ግድግዳ አይሻገርም።

ታናሽየው እንደ ልማዱ ወደ አልጋው ዞረ። «እማዬ፣ ንቀለውና መልሰህ ሰካው በይው።»

«ዛሬ ድምፄ የለም» አሉ እናት፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ሰውዬው እናቱን አየ፣ ሸረሪትን አየ፣ ቀዳዳውን አየ። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለና «ንቀለው፣ መልሰህ ሰካው!» ብሎ ጮኸ። ስምም አልጠራ፣ ሰላምታም የለ።

ማዶ የኬብሉ ራስ ሲነቀልና ሲሰካ ተሰማ። ቆይቶ «ሰካሁት። በራ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አልበራም።»

«እዚህም አልበራም።»

ሸረሪት ጎንበስ ብላ የሠራችውን ስታይ ክው አለች። ስታልም አረንጓዴውንና ቡናማውን ሽቦ አቀያይራቸዋለች! በሕይወቷ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርታ አታውቅም። አፍራ መቁረጫዋን አነሳች። እናትየው ግን አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አይተዋት ኖሮ፣ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ትከሻዋን ያዟት።

«አትቸኩዪ፣ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ።

ሸረሪትም ገባት። መቁረጫዋን አስቀመጠችና «አጥፍተው እንደገና ያስነሱት በሉልኝ» አለች። ያ አሮጌ ሳጥን ደግሞ እስኪነሳ ሰው ያስረጃል። ወንድማማቾቹም ከቀዳዳው ወዲህና ወዲያ ሆነው መጠበቅ ያዙ።

«ያንተም እንዲህ ያጓራል?» አለ ታላቅየው።

«የእኔማ እንቅልፍ አያስተኛም።»

«ካርዱ የላላ መሰለኝ። ብሎኗ ትነቃነቃለች። የአባባ ትንሿ ካቻቢቴ አንተ ጋ ናት?»

ታናሽየው መሳቢያውን ከፍቶ እጀታዋ በፕላስተር የተጠቀለለች ቀጭን ካቻቢቴ አወጣ። ትንሽ በእጁ አገላበጣት። ከዚያ ተንበርክኮ ከኬብሉ ጎን ወደ ቀዳዳው ከተታት፣ ወንድሙም ከዚያ ወገን ሳባት።

«ፕላስተሯን አልቀየርከውም» አለ ታላቅየው።

«እሱ እንደጠቀለላት ትኑር ብዬ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

ቃሉ አምልጦት ነው። እናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዳፋቸውን ለጠፉበት፤ እንባቸው ትራሱን አራሰው። ሸረሪት ራሷም እያለቀሰች የተበላሸውን ራስ ቆርጣ ጣለች። ቢፈልጉም ባይፈልጉም የመጣችበትን ሥራ መጨረስ አለባት። ሽቦዎቹን በሥርዓታቸው ደርድራ አዲስ ራስ ሠራችና ሰካችው፣ ፒንሳዋንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

አረንጓዴዋ መብራት ቦግ አለች።

ታናሽየው አየ። እናትም ቀና ብለው አዩ። የሸረሪት ልብ እንደ ወትሮው አልዘለለም፤ እንዲያውም ፈራች። ሥራው አለቀ ማለት የሚያነጋግራቸው ነገር አለቀ ማለት ነው። ከማዶም ድምፅ ጠፋ። ታላቅየውም ያችኑ መብራት እያየ እንደሆነ ታውቃለች፤ አንዱ ብቻውን አይበራም።

ከዚያ በቀዳዳው በኩል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«አሁንስ?»

ታናሽየው መብራቷን ትክ ብሎ አያት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ራሱን ወደ ቀዳዳው ዘንበል አደረገ።

«አልበራም» አለ። «ገና ነው፣ ወንድም ጋሼ። እዚያስ?»

«እዚህም ገና ነው» አለ ታላቅየው።

ሸረሪት ፒንሳዋን ከቦርሳዋ መልሳ አወጣችና ጠረጴዛው ሥር ገባች።