ቫልቩን የያዘው ፈትል

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ሄጄ ከደባርቅ ስመለስ፣ ከኮሶዬ በታች ያለውን ረጅም ቁልቁለት ጨርሰን ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ፣ ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ተግተለተለ፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታም በመስኮቱ ገባ። ሾፌሩ «ብርዱ ነው» አለ። ብርዱ አልነበረም፤ ያን ሽታ ያደግሁበት ስለሆነ አውቀዋለሁ።

አባቴ በአሮጌ ፒክአፕ ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያመላልስ ነበር፤ መላ ቤተሰቡ የሚበላውም ከዚያችው መኪና ነበር። አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ቁልቁለት በወረደች ቁጥር እንደ ጋያ አጫሽ ሽማግሌ ታጨስ ጀመር። ያረጀው የቫልቮቹ ጎሚኒ ነበር፤ የቫልቩን ዘንግ አቅፋ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ የምትከለክል፣ ከጣት ቀለበት የማትበልጥ ላስቲክ። ጋራዡ ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ ካልወረደ አይሆንም አለ። ያ ማለት መኪናዋን ለሳምንታት ማስተኛት ነው፤ የገበሬው ድንች ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

አባቴ ከአንድ የአዲ አርቃይ ሾፌር የሰማው ሌላ ዘዴ ነበረው፦ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይነቀልና በቀዳዳው ገመድ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ፒስተኑ ወደ ላይ ይመጣና ገመዱን ይጫነዋል፤ ገመዱም በተራው ቫልቮቹን ከታች ደግፎ ይይዛል። ያኔ ቴስታታውን ሳያወርዱ ቫልቩን ወደ ላይ የሚስበውን ሞላ ፈትቶ ጎሚኒውን መለወጥ ይቻላል። ገመዱ ካልያዘ ግን ቫልቩ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ቴስታታውን ማውረድ ግድ ነው።

አባቴ ከገበያ የገዛውን የፕላስቲክ ገመድ እናቴ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ «ይሄማ ይተለተልና ውስጥ ይቀርብሃል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ፣ ለእሱው ጋቢ ብላ ክረምቱን ሙሉ የፈተለችውን ልቃቂት ይዛለች። ግቢው መካከል ተቀምጣ ክሩን እየደራረበች በጭኗ ላይ ትገምድ ጀመር። ጎረቤታችን የቅኔ መምህሩ የኔታ በአጥሩ በር ብቅ አሉ።

«ምነው እቴ፣ ለማኪናው ጋቢ ልታለብሺው ነው?»

«ብርድ መቶት አይደል የሚያስለው፣ የኔታ!»

«እንግዲያስ ኩታም ጨምሪለት፣ ለጥምቀት ይወጣበታል።»

አባቴ አልሳቀም። ካንዴላውን ነቀለ፤ ገመዱን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ እየላከ ጫፉን ውጭ አስቀረ፤ ሞተሩን እምቢ እስኪለው ድረስ በእጁ አዞረው። ከዚያ ሞላውን ጨቁኖ፣ ቫልቩን ከላይ ቆልፈው የሚይዙትን ጥቃቅን ብረቶች በማግኔት ለቀመ። ሞላው ወጣ። አሁን ቫልቩን ከታች ከእናቴ ፈትል በቀር የደገፈው ነገር አልነበረም፤ ከላይም የአባቴ ሁለት ጣቶች ብቻ ጫፉን ይዘውት ቆዩ። የኔታ ቀልዳቸውን ተዉ። እኔና ወንድሞቼ የድንጋዩ ካብ ላይ እንደ ተቀመጥን አንገታችንን አሰገግን።

«ምነው፣ እስኪመሽ ልትይዘው ነው? ልቀቀው!» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

ለቀቀው።

ቫልቩ አልተነቃነቀም። አባቴ በአውራ ጣቱ ጫን አለው፤ ንቅንቅ አላለም። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ፣ ሰው ትከሻ ላይ ሊጣል የታሰበ ጥጥ፣ ብረት ተሸክሞ ቆመ። «ዕፁብ ነው» አሉ የኔታ በዝግታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉ ሁሉ። አባቴ አዲሱን ጎሚኒ አስገብቶ ወደሚቀጥለው ሲሊንደር አለፈ።

በማግስቱ ኮሶዬ ወጥተን ስንወርድ፣ እኔ ከኋላ ድንቹ ላይ ተቀምጬ ጭሱን ስጠብቅ፣ ከኋላችን የተነሣው አቧራ ብቻ ነበር። ገመዱ ግን ዘይት ጠጥቶ ስለ ጠቆረ እናቴ አጥባ አጥባ አልነጣላትም፤ አባቴም የሚቀጥለውን ክረምት በአሮጌ ካፖርት አሳለፈው።

ዛሬ መኪናዬ ስትበላሽ ቁልፉን አስረክቤ፣ ወንበር ላይ ስልኬን እያየሁ እጠብቃለሁ፤ ሞተሩን የከፈተውን ሰው ፊቱን እንኳ አላውቀውም። ግቢያችን ፎቅ ተሠርቶበታል። እናቴ ዓይኗ ስለ ደከመ መፍተል ትታለች። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ትልልቅ ነገር ቆሜ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቅጽበት ያስደነቀኝ ግን ጥቂት ነው። በቅርቡ እናቴን ፈትሉ እንደሚይዝ እርግጠኛ ነበርሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች።

«እኔ ስለ ማኪና ምን አውቄ፣ ልጄ? ልቀቀው አልኩት፤ ለቀቀው።»

ስለዚህ ምን አምኖ እንደ ለቀቀው መልሱ ያለው አባቴ ዘንድ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ እሱን ሳልጠይቀው ቀበርኩት።