የሜካኒኩ ጆሮ

ሜካኒኩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር የሚመረምረው በጆሮው ነበር፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ባለፈው ሳምንት ግን ፉጨት ሰምቶ የአንድ ደንበኛን ደህና ሞተር ፈታታ። ለካስ የሚያፏጨው የገዛ ጆሮው ኖሯል።

ቤት ገብቶ ሚስቱን «አለቀልኝ» አላት።

«የጆሮ መስሚያውን አድርገዋ! ሐኪሙ ጩኸቱን ያስታግስልሃል ብሎህ የለ?»

«ደንበኛ ቢያየኝስ? ደንቆሮ ሜካኒክ ማን ያምናል?»

«ደህና ሞተር የሚፈታውንስ ማን ያምናል፣ የኔ ጌታ?»

በማግስቱ መስሚያውን አደረገ። የጋራዡ ድምፅ ሲገባለት ፉጨቱ ለስለስ አለ እንጂ አልጠፋም። የመጀመሪያው መኪና ሲነሳ ፉጨት ተሰማው፣ ከየት እንደሚመጣ ግን መለየት አቃተው። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ባለመኪናው ዞረ።

«ወንድሜ፣ የሚያፏጭ ነገር አንተም ይሰማሃል?»