ለሁለት የተከፈለው ዲስክ

ሀጂራ ሀሰኖ በአሰላ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት በታይፒስትነት ሠራች። ከዚያ አዲስ መዋቅር መጣና የእሷ የሥራ መደብ ታጠፈ። አለቃዋ ወይዘሮ አባይነሽ ክፉ ሴት አልነበረችም። ያን ቀን ልታጽናናት ብላ «ምን ይደረጋል ሀጂራ፣ የእናንተ ዘመን አለፈ» አለቻት። ሀጂራ ጠረጴዛዋን ወለወለች፣ ቁልፉን አስረከበችና ወጣች። ቃሉ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።

ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል፣ በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። ከሲሬም ከኦጎልቾም የመጣ ባለጉዳይ በኦሮምኛ ይተርክላታል፤ እሷ ፍሬ ነገሩን ለቅማ በሚፈለገው ቋንቋ ታሰፍርለታለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኮሌጅ እየተመላለሰች የኮምፒውተር ዲፕሎማ ያዘች። በአርባ ሁለት ዓመቷ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ለጠፈ። ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋል፤ ሊኑክስ የተባለውን፣ ዊንዶውስን የሚተካ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚችል። ፈተናው ከአረፋ በኋላ ነው፤ በተግባር። ሀጂራ ሊኑክስን በንባብ ታውቀዋለች እንጂ እጇ አልለመደውም። የምትተዳደርበት የአማርኛ መጻፊያና ፕሪንተሩ ደግሞ የሚሠሩት በዊንዶውስ ነው። ያላትም ኮምፒውተር አንድ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኙን እንደሻውን አማከረችው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ ናቸው።

«ሁለት መንገድ አለ» አላት። «አንዱ ቨርችዋል ማሽን ነው። ዊንዶውስሽ እንዳለ ሆኖ፣ እዚያው ውስጥ ሊኑክስን ታስነሽዋለሽ። ቤትሽ እንግዳ እንደ ማሳደር ነው፤ ካስቸገረሽ ታሰናብችዋለሽ። ሌላው ዱዋል ቡት ነው። ዲስኩን ለሁለት ትከፍይና ባበራሽ ቁጥር አንዱን ትመርጫለሽ። ይሄ ቤቱን በግድግዳ መክፈል ነው። ግድግዳ አቆማለሁ ሲሉ ጣራው ሊወርድ ይችላል።»

«የቱ ይሻለኛል ትላለህ?»

«እንግዳው። ሁለተኛውን አንቺ አትሞክሪው።»

«አንቺ» ያለበት አነጋገር ቆረቆራት። ምክር ግን ምክር ነውና ቨርችዋል ማሽኑን ጫነች።

ላፕቶፑ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ማህደረ ትውስታው፣ ራሙ፣ አራት ጊጋ ብቻ ነበር። ለሊኑክስ ግማሹን ሰጠችው፤ ሁለቱም አብረው ተነሡ፤ ሁለቱም አብረው ታፈኑ። ማራገቢያው ይጮኻል፤ አንድ ፊደል ነክታ እስኪታይ ድረስ ትጠብቃለች። በሦስተኛው ቀን የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ መሃል ላይ ሁሉም ቀጥ አለ። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቃ ከመጀመሪያው ጻፈችለት።

እንደሻው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ አዲስ ላፕቶፕ እስክትገዢ ተይው» አላት።

«ፈተናው እኔን አይጠብቅም» አለች። «እንግዳውና ባለቤቱ አንድ ሳህን ላይ እየተሻሙ ነው። በየተራ ቢበሉ ለሁለቱም ይበቃል።»

እሁድ ጠዋት፣ ጭላሎ በጉም እንደተሸፈነ፣ ክፍሏን ከፍታ ተቀመጠች። አስቀድማ የባለጉዳዮቿን ጽሑፍ በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጣለች። የኮሌጅ ማስታወሻዋን ዘርግታ ዲስኩን መክፈል ጀመረች። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመለስ ዊንዶውስ የለም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ።

የዕለት እንጀራዋ ነው እንዲህ የጠቆረው። ከዚያ ተነሥታ እንደሻው ዘንድ ሄደች።

«አላልኩሽም?» አለ። «አምጪው፣ እኔ እሠራዋለሁ።»

«የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽህን አውሰኝ።»

«ስሚ እንጂ ሀጂራ፣ እልህ ኮምፒውተር አይጠግንም።»

«እኔም በእልህ ልጠግነው አይደለም፤ አንብቤ ነው። ፍላሹን ስጠኝ፣ እጅህን ግን አንሣልኝ። ዛሬ አንተ ብትሠራልኝ በፈተናው ቀን ማን ይቀመጥልኛል?»

እንደሻው ራሱን እየነቀነቀ ሰጣት። ፎቶ ኮፒ ቤት ካላት ጎረቤቷ ከከዲጃ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ዩፒኤስ ተዋሰች። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነች፤ ጽሑፎቿን መለሰች። በማግስቱ ዲስኩን ዳግመኛ ከፈለችና በአንዱ ወገን ሊኑክስን ጫነች። ቀትር ላይ ላፕቶፑን ስታበራ ሁለት ስም ከላይና ከታች ተደርድሮ «ምረጪ» ብሎ ጠበቃት። ሊኑክስን መረጠች። ያ ሲያቃስት የከረመ ማሽን ድምፅ ሳያሰማ ተነሣ።

ከዚያ ለሊኑክስ ልምምድ ጊዜ እንዲተርፋት በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጽሑፍ አንቀበልም።» ደንበኞች አጉረመረሙ፤ አንዳንዱም ወደ ሌላ ቤት ሄደ። እሷ ወረቀቱን አላነሣችም። አንድ ቀን ብቻ ከአርቦዬ የመጡ አዛውንት አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ።

«አባቴ፣ ነገ ጠዋት ከሁሉም በፊት እጽፍልዎታለሁ» አለቻቸው።

«ማሽኑ ይኸው በርቶ የለም እንዴ ልጄ? እኔ እኮ ማደሪያ የለኝም።»

አጥፍታ አበራችው፤ ዊንዶውስ እስኪነሣ ጉዳያቸውን በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው፤ ጻፈችላቸው። ከሸኘቻቸው በኋላ እንደገና አጥፍታ አበራችና ካቆመችበት ቀጠለች።

በፈተናው ቀን ሰባት ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ከእሷ በቀር ሁሉም ወጣቶች። ፈታኙ አቶ በእውቀቱ ከኋላዋ ቆሞ ስትሠራ አያትና «የት ነው የሠሩት?» ብሎ ጠየቃት።

«የራሴ ቤት። በራሴ ኮምፒውተር።»

ሁለተኛ ወጣች። የሚፈለገው ደግሞ አንድ ሰው ነበር። የተለጠፈውን ውጤት ሁለት ጊዜ አነበበችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

እንደሻው በሳምንቱ መጣ። «በይ እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሊኑክሱን ላጥፋልሽና ዲስኩ ሰፋ ይበል።»

«አይጠፋም።»

«ለምን ይሆንሻል?»

«የእኔ ስለሆነ» አለች። «ሁለተኛ የወጣሁት በሁለት ወር ልምምድ ነው። ዓመት ብቀመጥበትስ?»

ወረቀቱም ሳይነሣ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ልምምድም ሳይቋረጥ ስድስት ወር አለፈ። አንደኛ የወጣው ልጅ አዳማ የተሻለ ሥራ አገኘና ለቀቀ፤ ተጠባባቂዋ ሀጂራ በደብዳቤ ተጠራች። ገብታ በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ አባይነሽ የወረቀት ክምር ይዛ መጣች። «አንቺ እኮ እጅሽ ፈጣን ነው፣ እስቲ እነዚህን ጻፊልን» አለቻት።

ሀጂራ ከሰርቨሩ ዓይኗን አነሣች። «ወይዘሮ አባይነሽ፣ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

አባይነሽ ክምሩን እንደያዘች ተመለሰች። ሀጂራም ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ያን ቀን የተጀመረ የፋይል መገልበጥ ሥራ ነበርና ሳይቋረጥ ማለቁን ማየት ነበረባት።