እጀታ ያላቸው ግድግዳዎች

አናጢውን ሰው ሁሉ «ሚሊሜትር» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። በር ሊረከብ መጥቶ «ትንሽ ቢጎድል ምን አለበት?» ያለ ሁሉ፣ «ትንሽ ማለት ስንት ሚሊሜትር ነው?» ተብሎ አፉን ይዞ ይመለሳል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከቀኝ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚወርደው ሲተኛ ብቻ ነው፤ እሱም፣ ሚስቱ እንደምትለው፣ ትራሱ እንዳይቆሽሽ ሳይሆን እርሳሱ እንዳይሰበር ብሎ ነው።

ከሰው ጋር መጋፋት አይሆንለትም። ስለዚህ ወረርሽኙ መጥቶ «ሁለት ሜትር ተራራቁ» የተባለ ቀን፣ አገር ምድሩ ሲያማርር እሱ በሆዱ ደስ አለው። ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው ነገር በአዋጅ መጣለት፣ ያውም በሜትር። በማግስቱ ከመጋዙ ጠረጴዛ ሁለት ሜትር ለክቶ ወለሉ ላይ በኖራ አሰመረና ደንበኛውን ሁሉ ከመስመሩ ወዲያ አቆመ። ጥሪ በመጣ ቁጥርም መልሱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ለሠርግ «ጊዜው አይደለም»፤ ለምርቃት «ጊዜው አይደለም»፤ ለሰፈር ስብሰባ «እንኳን ዘንድሮ፣ አምናም ጊዜው አልነበረም»።

ይሁንና ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሳንባዋን ክፉኛ ታማ አንዱ ወገን እንደተጨማደደ ቀርቷል። ሐኪሟ ጨዋ ሰው ስለሆነ ነገሩን አለዝቦ ሊነግራት ሞክሮ ነበር። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ በጆሮዋ ስታሳልፍ የኖረች ናትና ያላለውንም ጭምር ሰማችው፦ ይህ በሽታ አንዴ ከገባባት መውጫ የለውም። ሚሊሜትር ከዚያ ወዲህ የሥራ ልብሱን በረንዳ ላይ ሳያወልቅ፣ እጁን እስከ ክርኑ ሳይታጠብ የቤቱን ደጃፍ አያልፍም።

እንዲህ በሰላም እየኖረ ሳለ ነው የእትዬ የሽኝት ጥሪ የመጣው።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል ብቻ አስተምራ፣ የከተማውን ግማሽ ፊደል አስቆጥራ፣ አሁን ጡረታ ወጣች። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አልብሳ፣ ተቆጥታ ያሳደገችው እሷ ናት። ማስመሪያ መጀመሪያ ያስያዘችውም እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ጠይቃው አታውቅም። አሁን ግን ስልክ ደወለችና እንደ ዘበት፣ «የቀረው ሁሉ ቢቀር አንተ ብቻ እንዳትቀር» አለችው። ለሌላው ሰው ጊዜው አይደለም ይባላል። ለእትዬ ምን ይባላል?

ሽኝቱን የሚያዘጋጁት የቀድሞ ተማሪዎቿ ነበሩ። ሦስት ሰው የሚጨርሰውን ሥራ አሥራ አምስት ሰው ሲይዘው ኮሚቴ ይባላል፤ አሥራ አምስቱም ሥራው ሲከብዳቸው ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳሉ። ይህኛውም ወለደ፦ የመስተንግዶ፣ የስጦታ፣ የንግግር፣ የጥንቃቄ። በሁሉም ላይ የተቀመጠው ሰብሳቢ ድሮ በእትዬ ክፍል «መ»ን ገልብጦ የሚጽፍ ልጅ ነበር። ዛሬ ፊደሉ ቀንቶለታል፤ የሚጽፈው ነገር ግን እንደተገለበጠ ነው።

የጥሪው ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። ሚሊሜትር ቁርሱን እየበላ ማንበብ ጀመረ። መቶ ሃምሳ እንግዳ፣ አራት ሰዓት የሚፈጅ ዝግጅት፣ ከገበያው ጀርባ ባለው አዳራሽ። ከሥር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «አዳራሹ ስድስት ሰፋፊ መስኮቶች ያሉትና አየር እንደ ልብ የሚመላለስበት መሆኑን የጥንቃቄ ንዑስ ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ አረጋግጧል።»

ዳቦው ትን አለው።

እነዚያን ስድስት መስኮቶች የሠራቸው እሱ ነው። እንደማይከፈቱ የሚያውቀውም እሱ ነው።

የዛሬ ስምንት ዓመት ባለአዳራሹ መጥቶ ድፍን መስኮት አዘዘው። መስኮት ከተከፈተ ዘፈኑ ይወጣል፣ ዘፈኑ ከወጣ ጎረቤት ይከሳል የሚል ሰው ነው። ሚሊሜትር መስታወቱን ፍሬም ውስጥ ቀርቅሮ፣ ፍሬሙን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ጨረሰ። ባለአዳራሹ መጥቶ አየና ፊቱን አጨማደደ፤ መስኮት አይመስልም፣ እጀታ ይግባበት አለ። ሚሊሜትር የማይከፈት ነገር እጀታ ምን ይሠራለታል ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ያኛው «እጀታውን አንተ ትገጥማለህ ወይስ ሌላ አናጢ ልጥራ?» አለው። ገጠመ። የሚያብረቀርቁ ስድስት የነሐስ እጀታዎች ምንም በማይከፍቱበት ቦታ በብሎን ታሰሩ። ለግማሽ ሚሊሜትር ሰው የሚያስለቅሰው ሰው ግድግዳ ላይ እጀታ ሰቅሎ ወጣ። ይህን ለሚስቱ እንኳ ተንፍሶ አያውቅም። በአዳራሹ በኩል ላለማለፍም ስምንት ዓመት ሙሉ በሌላ መንገድ ዞሮ ይሄዳል።

ንዑስ ኮሚቴው እንዴት አድርጎ እንዳረጋገጠ ለማወቅ ሰብሳቢውን ቢሮው ድረስ ሄዶ ጠየቀው። ነገሩ ቀላል ነበር። አራት ሰዎች ሄደው፣ አዳራሹን ዞረው፣ እጀታዎቹን ቆጥረዋል። ጥርጣሬ እንዳይኖር ሁለት ጊዜ ቆጥረዋል፤ ሁለቴም ስድስት መጣ። ከዚያ ፈረሙ። አንዱን እጀታ ያዝ አድርጎ ማዞር የማንኛቸውም የሥራ ድርሻ አልነበረም።

«ግን ከፍታችሁ አይታችኋል?» አለ ሚሊሜትር።

«ጋሼ፣ በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ነገር ነው እኮ» አለው ሰብሳቢው፣ መስኮቶቹም ስብሰባው ላይ ተገኝተው የፈረሙ ይመስል።

እዚያው እውነቱን ቢያወጣው ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። እሱ ግን ስሙን አሰበ። ዛሬ ስሙ ሚሊሜትር ነው፤ ነገ ከተማው «እጀታ» ይለዋል። ወደ ሱቁ ተመልሶ ሦስት ቀን መውጫ ሲፈልግ ሰነበተ። ቢሄድ፣ በታሸገ ሳጥን ውስጥ አራት ሰዓት የመቶ ሃምሳ ሰው ትንፋሽ ሲምግ ውሎ ወደ ሚስቱ መመለስ ነው። ቢቀር፣ የእትዬ ዓይን በሩ ላይ እንደተተከለ ይመሻል። ዝም ቢል ደግሞ፣ በዚያ ሳጥን ውስጥ የምትቀመጠው በስልሳ አምስት ዓመቷ እሷው እትዬ ናት። ሚስቱ ምንም ሳይነግራት ግማሹን አወቀችው።

«እኔን ሰበብ አታድርገኝ» አለችው። «መሄድ ካልፈለግህ አልፈለግሁም በል። የእኔን ሳንባ ደብዳቤ አድርገህ አትላከው።»

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ መቅረቱን ሊነግራት እትዬ ቤት ሄደ። በመንገዱ ላይ አፍ የሚያስይዝ ንግግር አጥንቶ ነበር። እትዬ በረንዳዋ ላይ ያረጁ የተማሪ ደብተሮችን በካርቶን ስትደረድር አገኛት። ደረጃው ላይ ራቅ ብሎ ተቀመጠና «ጊዜው…» ብሎ ጀመረ።

«እሱን ለሌላ ሰው በል» አለች ቀና እንኳ ሳትል። «ምን አጠፋህ?»

የራሱ ሱቅ ያለው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። በዚህ ጥያቄ ፊት ግን ሰባት ዓመቱ ሆነ። ሁሉንም ዘረገፈው፦ ባለአዳራሹን፣ ብሎኑን፣ ነሐሱን፣ ዞሮ የሚሄድበትን መንገድ። እትዬ መነጽሯን እስክታወልቅ፣ እንባዋ እስኪፈስ ድረስ ሳቀች። ንዑስ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ መቁጠሩን ስትሰማ ደግሞ ጎኗን ያዘች፤ መቁጠር ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ መቼም ቆጠራው ላይ አይታሙም አለች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው፤ ፊቷ ተለወጠ።

«እና ልጆቼ እዚያ ሲታሸጉ ዝም ልትል ነበር?»

«ስሜ ይጠፋል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ከካርቶኑ አንድ ደብተር መዝዛ ገለጠችና ወደ እሱ አዞረችው። ገጹ ላይ አንድ የተገለበጠ «መ» አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ «መ»። የማን ደብተር እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በእትዬ ክፍል ላጲስ ክልክል ነበር። የተሳሳተ ልጅ ስህተቱን አይፈቀፍቅም፤ እንዳለ ትቶት ትክክሉን ከጎኑ ይጽፋል። አርባ ዓመት ወላጅ ሁሉ «ደብተሩ ቆሸሸ» እያለ ሲጨቀጭቃት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖራለች።

«የተሳሳትከው እንዳለ ይቀመጥ» አለችው። «ትክክሉን አጠገቡ ጻፈው። ዝግጅቱ ቅዳሜ ነው።»

ስለ መምጣትና ስለ መቅረት አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ተለያዩ።

ባለአዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በመጨረሻም ስለ ጎረቤቶቹ እንቅልፍ እጅግ የሚጨነቅ ሩኅሩኅ ሰው ሆነ። ሚሊሜትር እርሳሱን ከጆሮው አወረደና፣ እንግዲያው ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሞ መስኮቶቹን ማን እንደሠራቸውና ማን እንዳሠራቸው ለሚገባው እንግዳ ሁሉ እንደሚናገር ነገረው። ርኅራኄው እዚያው ላይ አለቀ፤ ቁልፉ መጣ።

ረቡዕ ጠዋት መሮና መጋዙን ይዞ ገባ። ማጠፊያ ሊገጥም ሲል እጀታዎቹ በሙሉ ማጠፊያው በሚገባበት ጎን ላይ መሰቀላቸውን አየ። ውሸት ሲገጠም ለካ ግራና ቀኝ የለውም። አዳራሹ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም፤ ፊቱ ግን ቲማቲም መሰለ። ሁለቱ መስኮቶች የጎረቤት ግድግዳ ላይ ስለሚያፈጡ ተዋቸው። አራቱን ፈትቶ፣ ቆርጦ፣ ልጎ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ገፋ ሲያደርገው ስምንት ዓመት የከረመው አየር፣ የስንት ንግግርና የስንት ሽቶ ዝቃጭ፣ ፊቱን ጠርጎት ወጣ።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራ። አራት መስኮት፣ መቶ ሃምሳ ሰው፣ አራት ሰዓት። መሐል ላይ የሚቀመጠው እንግዳ ከመስኮት ስምንት ሜትር ይርቃል። እትዬ መድረኩ ላይ ብቻዋን ስለምትቀመጥ ለእሷ ይሆናል። ለሌላውም ከትናንቱ ይሻላል። ለሚስቱ ሳንባ ግን አይበቃም። ስለዚህ ወሰነ፦ አዳራሹ ውስጥ አይገባም፤ ከዝግጅቱም አይቀርም። ከሦስተኛው መስኮት ውጭ ግቢ አለ፤ ግቢው ፀሐይና ዛፍ አለው። ሁለት ወንበር ይይዛል። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ሻርፗን መተኮስ ጀመረች። ለእትዬ ግን ውጭ እንደሚቀመጥ ደውሎ ሊነግራት አስቦ ድፍረቱን አጣ።

ቅዳሜ ሰብሳቢው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ የሙቀት መለኪያውን በየግንባሩ ይደግናል። መለኪያው ለሁሉም ሠላሳ ሁለት ነጥብ አንድ ይላል። በዚያ ልኬት ከሄድን አንድም በሕይወት ያለ እንግዳ አልገባም፤ ሁሉም ግን «ጤነኛ ነዎት» እየተባለ አለፈ። ባልና ሚስቱ ወደ ግቢው ሲታጠፉ ሰብሳቢው ተከተላቸው። የቤተሰብ ወንበር ፊተኛው ረድፍ ላይ መሆኑን፣ ውጭ መቀመጥ ደግሞ መርሐ ግብሩ ላይ አለመኖሩን በትሕትና አስረዳ።

«የእኔም ሳንባ መርሐ ግብሩ ላይ የለም፣ ልጄ» አለችው ሚስት፤ ተቀመጠችም።

የሰብሳቢው ንግግር አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ነፋስ በአራቱም መስኮት ገባና ወረቀቱን በአዳራሹ በተነው። የጥንቃቄ ንዑስ ኮሚቴው በሙሉ ኃይሉ ወለሉ ላይ ተሰማራ፤ ከተቋቋመ ወዲህ ሠራ የሚባለው ሥራ ይኸው ነው። ገጾቹ እንደተገኙ ተሰጡት፣ እሱም እንደተሰጡት አነበባቸው፣ ከዘጠኝ ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አሥራ አንድ። ልዩነቱን ማንም አላየም፣ አንባቢውም ጭምር።

ሚሊሜትር ግን የሚያየው እትዬን ነበር። ዓይኗ ፊተኛው ረድፍ ባዶ ወንበር ላይ አረፈ፤ ወደ በሩ ሄደ፤ ተመልሶ ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። ብድግ ብሎ ጭንብሉን አስተካከለና በሦስተኛው መስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ «እትዬ» አለ።

ዞር አለች። በመነጽሯ አናት ላይ አሻግራ፣ ያልሠራ የቤት ሥራ እንደያዘ ልጅ ብዙ አየችው። ከዚያ ገጽ አሥራ አንድ ሳያልቅ ተነሥታ፣ ያስቀመጡባትን ትልቅ ወንበር ራሷ እየጎተተች፣ ወለሉ እየጮኸ፣ መስኮቱ ድረስ መጣች።

«መምህርት፣ ቦታዎ እኮ መድረኩ ላይ ነው» አለ ሰብሳቢው በማይክሮፎን።

«ቀጥል ልጄ፣ ከዚህም ይሰማል» አለችና ጀርባዋን ለአዳራሹ ሰጥታ ተቀመጠች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወደ ውስጥ አልገባህም» አለችው።

«አልገባሁም፣ እትዬ።»

«መጥተሃል ግን።»

ቀጥላ የሚስቱን ጤና ጠየቀች፤ ከዚያም በትከሻዋ ላይ አሻግራ እንግዶቹን እያየች አንድ በአንድ ታወራቸው ጀመር። ያ ከረባት ያሰረው ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ «እናቴን» እያለ አልቅሷል። ያቺ ጠመኔ ትበላ ነበር። ያ ወረቀት የሚለቅመው መቁጠሪያውን ጠጠር ኪሱ ውስጥ ደብቆ አንድ ጎደለ ብሎ የሚከስ ነበር። ሚስት ሳቋን በሻርፗ አፈነች። እትዬ መስኮት አጠገብ መቀመጧን ያዩ እንግዶችም ወንበር እየያዙ ተጠጉ፤ መስኮት ያጡት በሩን ከፍተው ወጡ። ሻይ ሲቀርብ የሽኝቱ እኩሌታ ያለ አንዳች ውሳኔ፣ ያለ አንዳች ንዑስ ኮሚቴ ዛፉ ሥር ነበር።

በመጨረሻ «የቤተሰብ ተወካይ» ተብሎ ተጠራ። የማይክሮፎኑ ገመድ መስኮቱ ድረስ አልደረሰም። ሚሊሜትር ባለበት ቆሞ እጆቹን የመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፎ ጉሮሮውን ጠረገ። ንግግር አያውቅበትም።

«ያሳደገችኝ እሷ ናት» አለ። «እነዚህን መስኮቶች የሠራሁት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት አይከፈቱም ነበር፤ እጀታው ለታይታ ነው የገባው። እስከዚህ ረቡዕ ድረስ ግድግዳ ነበሩ። ይኸው ነው።»

አዳራሹም ግቢውም በሳቅ ፈረሰ። የዚያን ቀን የተነገረ ምርጥ ቀልድ ነው ብለው አጨበጨቡለት፤ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሰብሳቢው ነበር። ባለአዳራሹን ብቻ ሳል ያዘው፤ በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ወንበራቸውን እየያዙ ተበታተኑ።

እትዬ አልሳቀችም። ጣቷን አነሣችና በሁለቱ መካከል ባለው አየር ላይ ቀስ ብላ አንድ ራይት ጫረች። ሚሊሜትር ጆሮውን እያሻሸ ቆሞ ቀረ።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ። «ፀሐዩን ከለልከኝ።»